አንድ ፀጉር ወደ ግራ

ሰኞ። ስልሳ አንድ ቀን ቀረ።

ተቀበሉኝ። ተቀበሉኝ። ሦስተኛ ጊዜ ብጽፈው ደብተሩም ይታዘበኛል።

ደብዳቤው ጠዋት በኢሜይል መጣ። ስምንት ሳምንት፣ ውጭ አገር፣ የዩኒቨርሲቲ የበጋ ኮርስ፣ ትምህርቱ ስለ መለካት። ከየአገሩ ተለቅመው የሚገቡት ሃያ ተማሪዎች ብቻ ናቸው። ቤተ ሙከራው ከመሬት በታች ነው አሉ፤ የሰው ኮቴ እንኳ ሚዛኑን እንዳይነካው። እኔ የሚዛን ጠጋኝ ልጅ ነኝ። ለእኔ ከዚህ የተሻለ ቦታ በምድር ላይ የለም።

አባዬ ዜናውን ስነግረው የአንጥረኛውን ሚዛን ፈታትቶ አቀርቅሮበት ነበር። "ሚዛን ለመማር ባሕር ልትሻገሪ?" አለኝ ቀና ሳይል። "እዚህ ወንበሩን ጠጋ አድርገሽ ብትቀመጪ ምን አለበት?" ከዚያ ወረንጦውን አስቀመጠና በጓሮ በር ወጣ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። አቧራ ገብቶብኝ ነው አለ። ሱቃችን ውስጥ ግን አቧራ የለም፤ አባዬ አያስገባም።

እማዬ ለምታስተምራቸው አርባ ሁለት ሕፃናት በሙሉ ነግራቸዋለች። ሚጢጢ ደግሞ "ክፍሉ የብቻዬ ሊሆን ነው" ብላ ጨፈረች። ሚጢጢ ታናሽ እህቴ ናት። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ በቁመት በአንድ ራስ ትበልጠኛለች፣ ስሙ ግን አልለቀቃትም።

ረቡዕ። ሃምሳ ዘጠኝ።

ደስታዬ መውጫ ቢያጣ ሱቁን አጠብኩት። እነ አባዬ አክስቴ ዘንድ ውለው ነበር። መስኮቱን፣ መደርደሪያውን፣ መሳቢያውን ሁሉ። መጨረሻ ላይ እናቶቹን።

እናቶቹ ማለት እንዲህ ነው። አባዬ ሁለት ዓይነት ክብደቶች አሉት። በየቀኑ የሚሠራባቸውን፣ የጠቋቆሩትን፣ "ልጆቹ" ይላቸዋል። ልጆቹ ትክክል መሆን አለመሆናቸው የሚታየው በ"እናቶቹ" ነው። እነሱ ከአስተማሪው የወረሳቸው የናስ ክብደቶች ናቸው፤ ቀይ ከፋይ በለበሰ ሳጥን ውስጥ ተኝተው በዓመት አንዴ ብቻ ይወጣሉ። በባዶ እጅ አይነኩም። ሕፃን ሆኜ አንዷን አንስቼ የደረሰብኝን ቁጣ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ስለዚህ በጓንት ነው የሠራሁት። አደራዬን ጠብቄያለሁ። ጠቁረው፣ አንዳንዶቹም አረንጓዴ ጣል ጣል ብሎባቸው ነበር፤ ያሳዝናሉ። የእማዬን የድስት መፈተጊያ ዱቄት በእርጥብ ጨርቅ አድርጌ አንድ በአንድ፣ ፊት እስኪያሳዩ ድረስ ፈተግኳቸው። አባዬ ሳጥኑን የሚከፍተው እኔ ከሄድኩ በኋላ ነው። ሲያበሩበት ያስታውሰኛል።

ሰኞ። ሃምሳ አራት።

ሻንጣ ተገዛ። የተፈቀደልኝ ሃያ ሦስት ኪሎ ነው። የሚዛን ቤት ሰዎች ነንና ባዶውን መዘንነው፤ ሦስት ኪሎ ከስምንት መቶ አርባ ግራም። አባዬ ሦስት ጊዜ መዘነው። ምንም ይሁን ምን ሦስት ጊዜ ነው የሚመዝነው፤ ደንበኛ ቆሞ ሰዓቱን እያየበት እንኳ። ሚጢጢ "አባዬ፣ ሻንጣው መሃል ላይ አይወልድም እኮ" አለችው። እሱ ቁጥሩን ጻፈ።

ፕሮፌሰሯ ለሁላችንም መልእክት ልካለች። ከመምጣታችን በፊት አንድ ገጽ እንጽፋለን፤ "በመለካት ሥራ ያጋጠማችሁ አንድ ስሕተትና ያገኛችሁበት መንገድ።" ቦታችን የሚጸናው ገጹ ታይቶ ነው።

ችግሩ ስሕተት የለኝም። (ይህን ገጽ ለማንም አላሳይም።)

ማክሰኞ። አርባ ስድስት።

ምነው ባላየሁ።

አባዬ ምሳ ሊበላ ሲገባ የአንጥረኛው ሚዛን ተሠርቶ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ለኮርሱ ልለማመድ ብዬ፣ ጓንቴን አድርጌ፣ ሃምሳ ግራሟን እናት አወጣሁና ሰሃኑ ላይ አስቀመጥኳት። መርፌው ሃምሳው መስመር ላይ መቆም ነበረበት። አንድ ፀጉር ያህል ወደ ግራ ሄዶ ቆመ። ደግሜ ሞከርኩ። ያው ነው።

አባዬ የሠራው ሚዛን ሲስት በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

ጠዋት ወረንጦውን ሲይዝ እጁ ሲንቀጠቀጥ አይቼዋለሁ። ሻይ ሲቀዳለት "እስከ ግማሽ ይበቃኛል" የሚለው ለካ ወዶ አይደለም። እንዴት ነው እስከ ዛሬ ያላስተዋልኩት? የመርፌን ንቅናቄ አያለሁ ብዬ የምኮራ ሰው የአባቴን እጅ ሳላይ።

ከሚዛኑ ጀርባ አንዲት ብሎን አለች። በጣም ትንሽ፣ ሩብ ዙር የማትሞላ፣ አዞርኳት። መርፌው መስመሩ ላይ ቁጭ አለ። አባዬ ከምሳ ሲመለስ ሚዛኑን ለአንጥረኛው አስረከበ። አልነገርኩትም። ምን ብዬ?

ሰኞ። አርባ።

የቪዛ ቀጠሮ ተያዘልኝ። የማድርበት ክፍል ፎቶ መጣ፤ መስኮቱ ትልቅ ነው፣ ጠረጴዛው ወደ መስኮቱ ዞሯል። እስካሁን አሥር ጊዜ አይቼዋለሁ።

ሌላ ሁለት ሚዛን ተሠርቶ አልቋል፤ አንዱ የጎረቤታችን ፋርማሲስት ነው። ሁለቱም አንድ ፀጉር ወደ ግራ። አረምኳቸው።

ረቡዕ። ሠላሳ ስምንት።

በችኮላ። አባዬ የፋርማሲስቷን ሚዛን ሊያስረክብ ሲል በልጆቹ እንደገና መዘነው። ግንባሩን አሻሸ። ብሎኗን ያዘና ያረምኩትን መልሶ አበላሸው። እጁን ሊታጠብ ሲገባ እኔ ደግሞ መለስኩት። እንግዲህ ሥራችን ይኸው ሆኗል፤ እሱ ያበላሻል፣ እኔ አቃናለሁ። እየመጣ ነው።

ሰኞ። ሠላሳ ሦስት።

ገጹን ጻፍኩ፤ ላክሁም። ስሕተት አገኘሁ፤ የእኔ አይደለም እንጂ።

ዕድሜ ልኩን በሥራው ስለተከበረ አንድ ጠጋኝ ነው። እጁ መንቀጥቀጥ ስለጀመረ፣ እሱ ስላላወቀው፣ በምስጢር ስለምታርምለት ወጣት። አባቴ ነው አላልኩም። ደግሞ ቆንጆ ነው፤ መጨረሻው ላይ ዓይኔ እንባ ሞላ።

ሚጢጢ ስለ ምን እንደጻፍኩ ጠየቀችኝ።

"ስለ ስሕተት።"

"የማን?"

"አንቺን አያገባሽም።"

"እሺ ፕሮፌሰር" ብላኝ ሄደች።

ማክሰኞ። ሃያ አምስት።

ቪዛ! ፓስፖርቴ ላይ ተለጥፏል፤ ፎቶዬ ዶሮ የሰረቀች ሴት መስላለች፤ ግድ የለኝም። ከቆንስላው እስከ ቤት በእግሬ መጣሁ፤ ታክሲ ውስጥ ብቀመጥ እፈነዳ ነበር። አዲስ ጫማ ገዛሁ። ሌላም ጫማ ገዛሁ።

አባዬ በእነሱ ቋንቋ "ሚዛን" ምን እንደሚባል ጠየቀኝ። ነገርኩት። ቀኑን ሙሉ በሥራው መሃል ለብቻው ሲደጋግመው ዋለ፤ አነጋገሩ ያስቃል። "አደራ፣ እዚያ ስትደርሺ መጀመሪያ ማኅተሙን እዪ" አለኝ። "ማኅተም የሌለው ሚዛን ላይ ሙዝ እንኳ እንዳትመዝኚ።"

ሳቅኩኝ። ከዚያ ስምንት ሳምንት ማን ያርምለታል የሚለው ሐሳብ መጣብኝ። አምስተኛውን ሚዛን ትናንት አቃንቼዋለሁ። ያው አንድ ፀጉር ነው፣ ያው ወደ ግራ።

ቅዳሜ። ሃያ አንድ።

አንጥረኛው ሚዛኑን አቅፎ መጣ። "የባለቤቴ አምባር ወፍሯል" አለ።

እማዬና ሚጢጢ ሳቁ። ሰውየው ግን የምሩን ነው። በየጠዋቱ ሱቁን ሲከፍት ሚዛኑን የሚፈትነው በባለቤቱ የሠርግ አምባር ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ያልተነቃነቀ ክብደት ሚዛኑ ከእኛ ከተመለሰ ወዲህ ጨምሯል።

አባዬ ሚዛኑን ተቀብሎ ልጆቹን አስቀመጠ። አንዴ። ሁለቴ። ሦስቴ። መርፌው ወደ ቀኝ አለፍ ይላል። ከዚያ "ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ አድርግልኝ ወንድሜ" አለው። አባዬ ይህን ቃል ሱቁ ውስጥ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። አንጥረኛው ራሱ ደንግጦ "ኧረ ምን ማለትህ ነው፣ ትንሽ ነገር እኮ ናት" እያለ ማጽናናት ጀመረ።

ያቃናሁት ሚዛን እንዴት ተበላሸ? ልጆቹ አርጅተው ይሆናል። ወይም አንጥረኛው ነካክቶታል። አንዱ መሆን አለበት።

እሑድ። ሃያ።

በግድግዳው በኩል ሰማሁ። መስማት አልነበረብኝም።

"ጨርሼ ያስቀመጥኩት ሚዛን ሌላ ሆኖ ይጠብቀኛል" ይላል አባዬ። "የፋርማሲስቷም እንዲሁ። አንድ ጊዜ ቢሆን እሺ። እጄን ለምጄዋለሁ። አሁን ግን ጭንቅላቴ ነው መሰለኝ። ምን እንደሠራሁ አላስታውስም ማለት ነው።"

እማዬ የሆነ ነገር አለች። አልተሰማኝም።

"አይ፣ ትሂድ። አውሮፕላኑ ይነሣና ሱቁን እዘጋዋለሁ። እስከዚያ አንድ ቃል እንዳይወጣሽ።"

ትራሴን አፌ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። እንግዲህ እሱም አውቆታል። እኔ ደግሞ ጫማ እገዛለሁ።

ረቡዕ። አሥራ ሰባት።

አልሄድም። ተወሰነ። "በድንገተኛ የቤተሰብ ችግር ምክንያት" ብዬ ለፕሮፌሰሯ ጻፍኩ። አልላክሁትም፤ ነገ እልከዋለሁ።

ጫማዎቹን ከሻንጣው አወጣሁ። ሚጢጢ አየችኝ። ከዚያ መልሼ አስገባሁ።

ሐሙስ። አሥራ ስድስት።

አልላክሁትም።

ዓርብ። አሥራ አምስት።

የኮርሱ መጽሐፍ በፖስታ መጣ። የማልሄድ ሰው ነኝ፤ ግን ሽታውን ለማሽተት ያህል ገለጥኩት። አዲስ መጽሐፍ ሲሸት ደግሞ አልችልም፤ ምዕራፍ አንድን ቆሜ ጀመርኩት።

ገጽ አራት። ስሕተት ሁለት ጠባይ አለው ይላል። አንደኛው ይበታተናል፤ አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ። ሰው ሲደክም፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ የሚመጣው ይህ ነው። ሁለተኛው ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን፣ በአንድ ልክ ያዘነብላል። እንዲህ ያለው ሲያጋጥማችሁ ሠራተኛውን ተዉትና መለኪያውን መርምሩ።

አምስት ሚዛን። አምስቱም ወደ ግራ። አምስቱም አንድ ፀጉር። አንድም ቀን ወደ ቀኝ የለም።

ተቀመጥኩ።

ገጽ ዘጠኝ ላይ የናስ ክብደት እንዴት እንደሚያዝ ተጽፏል። አይፈተግም። ሲፈተግ ናሱ ይላጫል፤ ክብደቱ ይቀንሳል።

ሳጥኑን ከፈትኩ። ከፋዩ ላይ ተደርድረው ያበራሉ። ሃምሳ ግራሟ ላይ ፊቴን አየሁት፤ ቁልጭ ብሎ። የአባዬ ሚዛኖች ሁሉ ትክክል ነበሩ። እኔ ነኝ አንድ በአንድ ያበላሸኋቸው። በጓንት።

ደግሞ ያንን ገጽ ልኬዋለሁ።

ቅዳሜ። አሥራ አራት።

ነገርኩት።

ጠዋት ሱቁን ሳይከፍት ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ከፈትኩት። ዱቄቱን ነገርኩት፣ ብሎኑን ነገርኩት፣ በምሳ ሰዓት የሠራሁትን ሁሉ። ስለ ገጹ ግን አልነገርኩትም።

እናቶቹን አንድ በአንድ አያቸው። አስተማሪው ሲሞት የተወለት እነሱን ብቻ ነው።

"ስንት ሚዛን ነው?" አለኝ።

"አምስት።"

"ዝርዝር ይዘሻል?"

ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ አነበበው፤ ደግሞ አነበበው።

"የፋርማሲስቷን እኔ ስመልሰው አንቺ ደግሞ አዞርሽው?"

"አዎ።"

"እኔ አይደለሁም ማለት ነው?"

"አንተ አይደለህም አባዬ።"

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። "ክብደቱስ ይሁን" አለ። "አፍሽ የት ሄዶ ነው? አንድ ቀን ምሳ ላይ 'አባዬ፣ ስተሃል' ብትዪኝ ምን ነበረበት?"

ያዘንኩለት መስሎኝ ነበር። እውነቱን ከጻፍኩ ደግሞ፣ እሱ የሳተውን እኔ ማወቄ ትንሽ ደስ ብሎኝም ነበር። ይህን መጻፍ ያሳፍራል።

ማክሰኞ። አሥራ አንድ።

ሦስት ቀን ከተማውን አካለልነው። አባዬ ከፊት፣ እኔ ሚዛን ታቅፌ ከኋላ። በየሱቁ "ስሕተት ተገኝቷል፣ ልናስተካክል ነው" ይላል እሱ፤ "ስሕተቱ የእኔ ነው" እላለሁ እኔ። ፋርማሲስቷ ተቆጣችኝ፤ ይገባኛል። ከባድ መድኃኒት ስላልመዘነችበት እግዚአብሔርን አመሰገነች፤ እኔም አመሰገንኩ። አንጥረኛው ግን አምባሩን አስቀምጦ መርፌውን አየና "ቀጥናለች፣ ደህና ናት" አለ። ሁሉም በልጆቹ ተስተካክለዋል።

የሚገርመው አባዬ ነው። ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ ያፏጫል። ዛሬ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሲዘፍን ሚጢጢ በሩን መትታ "ምን ነካህ?" አለችው። እማዬ ደጋግማ ዓይኗን ትጠርጋለች፤ ስጠይቃት ሽንኩርት ነው አለች። ሽንኩርት አልተከተፈም። ሱቁን ስለ መዝጋት የተነሣ ነገር የለም።

ሐሙስ። ዘጠኝ።

"የቤተሰብ ችግር" የሚለውን ደብዳቤ አጠፋሁት። በምትኩ ሌላ ጻፍኩ። የላክሁት ገጽ እውነት እንዳልሆነ፣ ጠጋኙ አባቴ እንደሆነ፣ ስሕተቱ የእኔ እንደሆነ፤ ዱቄቱን፣ ጓንቱን፣ አምስቱን ሚዛን። የመጀመሪያውን ገጽ እንድትተወው ለመንኳት። ክብደት የምትፈትግ ተማሪ ማን ይፈልጋል? ቦታው የሚጸናው ደግሞ በገጹ ነው።

ላክሁት። ከዚያ በየአምስት ደቂቃው ስልኬን አያለሁ።

እሑድ። ስድስት።

ምንም የለም። ሻንጣው ሃያ አንድ ኪሎ ደርሷል። የማልሄድ ከሆነ ማን ሊሸከመው ነው?

ማክሰኞ። አራት።

መጣ። ሙሉውን እገለብጠዋለሁ፤ አጭር ነው።

"በየዓመቱ የሚደርሱኝ ገጾች አብዛኞቹ ስለ ሌላ ሰው ስሕተት ናቸው። የመጀመሪያ ገጽዎ ከእነሱ አንዱ ነበር። ሁለተኛውን ተቀብዬዋለሁ፤ ቦታዎም ጸንቷል። ክብደቶቹን ይዘው ይምጡ፤ አብረን እንመዝናቸዋለን። በጓንት።"

ኩሽና ውስጥ ጮህኩ። ሚጢጢ ሰው የሞተ መስሏት እየሮጠች መጣች። ስትሰማ አቀፈችኝና ከመሬት አነሣችኝ፤ ቁመቷ ለአንድ ነገር ጠቀመ።

ዓርብ። አንድ ቀን። ማታ።

ነገ በዚህ ሰዓት ከደመና በላይ ነኝ።

ከራት በኋላ አባዬ ሳጥኑን አመጣ። እናቶቹን በጨርቅ ጠቅልሏቸዋል። "ሻንጣ ውስጥ አይገቡም፤ በእጅሽ ያዢያቸው" አለኝ። "እያንዳንዷ ስንት እንደጎደላት አስጽፈሽ አምጪልኝ። ቁጥሯ ከታወቀ ውሸታም አትባልም፤ ይሠራባታል።"

ከዚያ ለፕሮፌሰሯ የጻፍኩትን እንዳነብለት ጠየቀኝ። በራሳችን ቋንቋ እየመለስኩ አነበብኩለት። ጓንቱ ጋ ስደርስ ሳቀ።

"የመጀመሪያውንስ?" አለኝ።

"የቱን?"

"እዚህ ላይ 'የመጀመሪያውን ገጽ ይተዉልኝ' ብለሻል እኮ።"

ማምለጫ አልነበረም። አነበብኩለት፤ ዓይኑን ሳላይ፣ ቶሎ ቶሎ። የተከበረው ጠጋኝ፣ የሚንቀጠቀጠው እጅ፣ ያላወቀው ሰው። ቆንጆ ነው ያልኩት ነገር ጮክ ብሎ ሲነበብ ምንኛ አስቀያሚ ነው። "ይቅርታ አባዬ" አልኩት።

ቀኝ እጁን መብራቱ ስር ዘረጋው። ሁለታችንም አየነው። ጣቶቹ ትንሽ ትንሽ ይንቀጠቀጣሉ።

"ይቺን እንኳ እውነትሽን ነው" አለ። "አይደበቅም።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"አንቺ ሳትወለጂ።"

"ታዲያ እንዴት አድርገህ..."

"ሦስት ጊዜ እመዝናለኋ" አለኝ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው። "አንዴ ወዲህ ትወስደኛለች፣ አንዴ ወዲያ። መሃሉን እይዛለሁ። ደንበኛን ደስ ብሎኝ የማስጠብቀው መስሎሽ ነው?"

ምዕራፍ ሁለት ይህንኑ ነው የሚለው። በቀመር፣ በሥዕል፣ በአሥራ አራት ገጽ።

አሁን ሻንጣዬን ሊመዝን ተነሥቷል። አንድ ጫማ አስቀርቻለሁ። መጀመሪያ ሃያ ሁለት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። ሁለተኛ ያው። ሦስተኛ ያው። ሚጢጢ በሩ ላይ ቆማለች፣ አልቀለደችም። እማዬ ቁጥሩን ጻፈች።

እጁን ከመያዣው ሳያነሣ አራተኛ መዘነው።